በቦርቦን በርሜል የቆየ ኢምፔሪያል ስታውት፦ የምናጣጥመው ቢራውን ነው ወይስ ብርቅነቱን?

ጥቁር_ብቅል (ቺካጎ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ።

እዚህ ቺካጎ በየዓመቱ በምስጋና ቀን ማግስት ሰዎች ብርዱን ችለው ገና ሳይነጋ በመጠጥ መደብሮች ደጃፍ ይሰለፋሉ። የሚጠባበቁት ጉስ አይላንድ የተባለው ቢራ ጠማቂ በቦርቦን ውስኪ በርሜል ውስጥ አቆይቶ በዚያ ዕለት ለገበያ የሚያወጣውን ቦርቦን ካውንቲ ስታውት ነው። ከእኛ ወገንም ይህን ዓይነቱን ቢራ የሚወዱ ሰዎች እየበዙ በመምጣታቸው ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ስንገናኝ የምንጨዋወተው ጠርሙሱን ማን እንዳገኘ፣ ስንት እንደከፈለበትና ቢሸጠው ስንት እንደሚያወጣለት ብቻ እየሆነ ስለመጣ፣ ስለ ጣዕሙ በቁም ነገር የምንወያይበት አንድ ክር ልክፈት ብያለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። አንድን በበርሜል የቆየ ኢምፔሪያል ስታውት ጥሩ ነው የምለው ከውስኪው፣ ከቫኒላውና ከእንጨቱ ሥር ቢራው ራሱ፣ ማለትም የተቆላው ገብስ፣ የብቅሉ ጣፋጭነትና ሆፕስ የተባለው ተክል የሚሰጠው ምሬት፣ አሁንም ተለይቶ ሲገኝ ነው። በርሜሉ ቢራውን ከዋጠው ጠርሙሱ የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ጠማቂው ሥራውን አላጠናቀቀም ብዬ አምናለሁ።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ ኢምፔሪያል ስታውት እጅግ ብዙ ብቅል የሚፈጅ፣ በጣም ጥቁርና ወፍራም ቢራ ሲሆን የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። በርሜል የገባው ዓይነት ግን 14 እና 15 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ጠማቂው የብቅሉን ጭማቂ ለብዙ ሰዓታት በማፍላት ያወፍረዋል፤ እርሾው በዚያ ሁሉ ስኳርና አልኮል መካከል ሥራውን እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ከዚያም ቢራውን ውስኪ ወጥቶበት ገና እርጥብ በሆነ በርሜል ውስጥ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያቆየዋል።

ልማዱ በዚህ ከተማ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የጉስ አይላንድ ጠማቂ የነበረው ግሬግ ሆል ከጂም ቢም ውስኪ ቤተሰብ ከቡከር ኖ ጋር በአንድ የራት ግብዣ ላይ ተገናኝቶ ካወጋ በኋላ ስድስት ባዶ የቦርቦን በርሜሎች ተላኩለት። ዓመቱን አንዳንዶች 1992፣ ሌሎች ደግሞ 1995 ያደርጉታል። ቢራው በዴንቨር በሚካሄደው ታላቁ የአሜሪካ የቢራ ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ ዳኞቹ የሚመድቡበት ዘርፍ እንኳ አልነበራቸውም። ዛሬ ግን በርሜል የሌለው የአሜሪካ አነስተኛ ጠማቂ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንዴት እንደምታጣጥሙት፣ ምን እንደምትፈልጉበትና ጠርሙሱን ማቆየት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ብትነግሩን ለብዙዎቻችን ትምህርት ይሆናል።

---

የወደብ_መዝገብ (ለንደን)

ክሩን ስለከፈቱልን እናመሰግናለን። ጥቁር ብቅል የበርሜሉን ታሪክ ከቺካጎ ጀመሩት፤ የቢራው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚህ ከለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳርቻ ነው። በሳውዝዋርክ የነበረው የሄንሪ ትሬል አንከር ጠመቃ ቤት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ባልቲክ ወደቦችና ወደ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ፖርተር የተባለ ጠንካራ ጥቁር ቢራ ይልክ ነበር። ሠዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1796 በዕለት ማስታወሻው ላይ ይህ መጠጥ ለሩሲያ ንግሥት ተብሎ ለብቻው የተጠመቀ መሆኑንና ሰባት ዓመት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ሲነገር መስማቱን ጽፏል። ንግሥቲቱ ዳግማዊት ካትሪን ነበረች፤ «ኢምፔሪያል» የሚለው ቅጽልም ከዚያው ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ትሬል በ1781 ካረፈ በኋላ ጠመቃ ቤቱ በ135 ሺህ ፓውንድ ተሸጦ ባርክሌይ ፐርኪንስ ተባለ፤ በ1955 ደግሞ ከኩሬጅ ጋር ተዋሐደ። ኩሬጅ ይህን ስታውት እስከ 1993 ድረስ ሲጠምቅ ቆይቶ አቋረጠው። የሩሲያው ንግድ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር የሚያሳየው ደግሞ የኦሊቫ መርከብ ነው። ይህች መርከብ በ1869 ባልቲክ ባሕር ውስጥ ሰጥማ በ1974 ስትገኝ የነጋዴው የአልበርት ለ ኮክ ስም የታተመባቸው የስታውት ጠርሙሶች ተገኝተውባታል። የለ ኮክ ድርጅት በኋላ በ1912 ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ ከተማ የነበረውን ቢራ ፋብሪካ ገዝቶ መጥመቁን ወደዚያው አዛውሯል።

አንድ ነገር ላይ ግን ትኩረት እንዲደረግ እፈልጋለሁ። ያ የጥንቱ ስታውትም በእንጨት ውስጥ ይቆይ ነበር፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ጠማቂዎች የእንጨቱን ጣዕም አጥብቀው ይሸሹ ነበር። በርሜላቸውን የሚሠሩት ጣዕሙ እምብዛም ወደ ቢራው ከማይገባው፣ ከባልቲክ ዳርቻ ከሚመጣው የሜመል ኦክ ሲሆን፣ የአሜሪካን ኦክ ቢራውን ያበላሻል ብለው አይቀበሉትም ነበር። ዛሬ ሰው ሌሊት ተነሥቶ የሚሰለፍለት የቫኒላና የኮኮናት ጣዕም ለእነርሱ እንከን ነበር ማለት ነው። ጥቁር ብቅል «ቢራው ተለይቶ ይገኝ» ሲሉ፣ ሳያስቡት የእነዚያን ጠማቂዎች ወገን እየደገፉ ናቸው።

---

ሳሪስ_ጎረቤት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የማውቀው ስታውት የሐረር ቢራ ፋብሪካው ሐኪም ስታውት ነው፤ እወደዋለሁም። ጥያቄዬ ቀላል ነው። የሚፈለገው የውስኪ ጣዕም ከሆነ ቢራው ላይ ጥቂት ቦርቦን ጠብ ማድረግ አይበቃም ወይ? ዓመት ሙሉ በርሜል ውስጥ ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ?

---

ከሰል_በርሜል (ሉዊቪል፣ ኬንታኪ)

ሳሪስ ጎረቤት፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በርሜሉ ምን እንደሚሠራ ከተረዳን መልሱ አብሮ ይመጣል። የምኖረው ቦርቦን በሚመረትበት ግዛት ስለሆነ የበርሜል ነገር ዘወትር ከዓይኔ አይርቅም።

የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶ ከበቆሎ እንዲሠራና ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ እንዲቆይ ያስገድዳል። አዲስ መሆን አለበት ስለተባለ፣ አንድ ጊዜ ቦርቦን የቆየበት በርሜል ለሌላ ቦርቦን አያገለግልም። 200 ሊትር ገደማ የሚይዙት እነዚህ በርሜሎች ለስኮትላንድ ውስኪ፣ ለራምና ለተኪላ አምራቾች ይሸጡ ነበር፤ የቢራ ጠማቂዎቹም ዕድል የመጣው ከዚሁ ትርፍ በርሜል ነው። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ይህ የቢራ ዓይነት በዚህ ስፋት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። በርሜሉ ውስጥ ውስኪው ለዓመታት ሲቆይ ከፊሉ ወደ ጣውላው ይሰርጋል፤ ቢራው ሲገባ ያ ውስኪ ቀስ በቀስ ይወጣና የአልኮሉን መጠን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። በቀጥታ ውስኪ በመጨመር ሊገኝ የሚችለው ይህ ክፍል ብቻ ነው። እንጨቱ የሚሰጠው ግን ከዚያ በእጅጉ ይሰፋል። በርሜሉ ሲቃጠል ሊግኒን የተባለው የእንጨቱ ማያያዣ ይፈርስና ቫኒሊን ይሰጣል፤ የቫኒላው መዓዛ ከዚህ ይመጣል። ሄሚሴሉሎስ የተባለው ክፍል ወደ ስኳርነት ተለውጦ ይጠበስና የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ያመጣል። በነጭ የአሜሪካ ኦክ ውስጥ በብዛት ያሉት ላክቶኖች ኮኮናት የሚመስለውን መዓዛ ይሰጣሉ። ዩጂኖል የቅርንፉድን፣ ጓያኮል ደግሞ የጭስን መዓዛ ይዘው ይመጣሉ። ታኒን የተባለው የእንጨቱ ክፍል ምላስን የሚያደርቅ ጥንካሬ ስላለው ከመጠን ያለፈ ጣፋጭነትን ይገታል።

በዚህ ላይ የመጋዘኑ ሙቀትና ብርድ ይታከልበታል። ሲሞቅ ቢራው ተስፋፍቶ ወደ ጣውላው ይገባል፤ ሲበርድ ተሰብስቦ ይወጣል፤ በገባና በወጣ ቁጥር ከእንጨቱ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። በጣውላዎቹ በኩል ዓመቱን ሙሉ እጅግ ጥቂት አየር ስለሚገባም ዘቢብ፣ ተምርና የቆየ የወይን ጠጅ የሚያስታውስ ጣዕም ይፈጠራል። ሁሉም ጠማቂ ሙቀቱ እንዲለዋወጥ አይፈልግም፤ ለምሳሌ ሚሺጋን የሚገኘው ፋውንደርስ ኬቢኤስ የተባለውን ስታውቱን ያቆየው በግራንድ ራፒድስ ከተማ ሥር ባሉ የቀድሞ የጂፕሰም ማዕድን ዋሻዎች ውስጥ ነው፤ እዚያ ቅዝቃዜው ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥም።

እንግዲህ ብርጭቆ ላይ ውስኪ ቢጨምሩ የሚያገኙት ቢራና ውስኪ ጎን ለጎን ነው። አየሩና እንጨቱ የሠሩትን ሥራ አያገኙትም።

---

የጋን_እጥን (ሚኒያፖሊስ)

ከሰል በርሜል ያስረዱትን ሳነብ እናቴ ጠላ ስትጥል ጋኑን የምታሰናዳበት መንገድ ታወሰኝ። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፤ ጠላውን የቀመሰ ሰው ገና ከመጀመሪያው ጉንጭ እጥኑን ይለያል። በሚገባ የታጠነ ጋን የአሻሮውንና የጌሾውን ጣዕም ደግፎ ያወጣዋል፤ ከመጠን በላይ ከታጠነ ግን ጠላው ጭስ ጭስ ብቻ ይላል። ጥቁር ብቅል ያነሡት ሚዛን በእኛም ቤት የነበረ ነው፤ የአገራችን ጠላ ጠማቂዎች «ጋኑ በዛበት» ወይም «ጋኑ አነሰው» ማለትን ያውቁበታል።

እኔ እዚህ ቤቴ ውስጥ ስታውት እጠምቃለሁ። ቤት ውስጥ ለሚጠምቅ ሰው 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል መሙላት ስለማይታሰብ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የተጠበሰ የኦክ ቁራጭ በቦርቦን ዘፍዝፎ ቢራው ውስጥ መጨመር ነው። ቫኒላውና ኮኮናቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይገኛል። በበርሜሉ ጣውላ በኩል ቀስ ብሎ የሚገባውን አየር ግን ቁራጭ እንጨት ሊተካው አይችልም፤ ስለዚህ የዘቢብና የተምር ጥልቀት ይጎድለዋል። እንጨቱ ቶሎ ቶሎ ካልተቀመሰም ታኒኑ ይበረታና ከመጠን በላይ እንደፈላ ሻይ ምላስን ያደርቃል። ለመሞከር የሚያስብ ካለ በየሳምንቱ ቀምሶ፣ ትንሽ እንደቀረው ሲሰማው እንዲያወጣው እመክራለሁ፤ ከወጣ በኋላ የእንጨቱ ጣዕም ከቢራው ጋር እየተዋሐደ መለስለሱ አይቀርም።

---

ጥቁር_ብቅል

የወደብ መዝገብ፣ ከሰል በርሜልና እህቴ የጋን እጥን፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን እኔና ጓደኞቼ ስንቀምስ የምንከተለውን ላካፍል።

በመጀመሪያ ሙቀቱ። ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ስታውት መዓዛው ይታፈናል፤ ምሬቱና ጋዙ ብቻ ይሰማል። ጠርሙሱን ቀደም ብዬ አውጥቼ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በላይ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫን መውጋት ስለሚጀምር በዚህ መካከል ያለው ጊዜ ውድ ነው። ብርጭቆው ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ የኮኛክ ዓይነት ቢሆን መዓዛውን ይሰበስባል። ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ሲቀዳ አረፋው የቡና ስኒ ላይ እንደሚቀረው ቡናማና ቀጭን ይሆናል፤ አንዳንዱ ከናካቴው አረፋ አይዝም፤ ከአልኮሉ ብዛት ስለሚመጣ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ከዚያ አፍንጫዬን ከብርጭቆው አፍ ጥቂት አርቄ አሸታለሁ። ተጠግቶ በረጅሙ መሳብ አልኮሉን ብቻ ስለሚያመጣ አይጠቅምም። የመጀመሪያውን ጉንጭ ለፍርድ አልቆጥረውም፤ ምላስ አልኮሉን የሚለምድበት ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ነው ጥያቄዎቼን የማነሣው። ጣፋጭነቱ አፍ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል ወይስ ምሬቱና ታኒኑ ያነሡታል? የተቆላው ገብስ እንደ ጥቁር ቸኮላታ ነው ወይስ እንደ አመድ? ከዋጥኩት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ የሚቀረው ሙቀት ልስልስ ነው ወይስ የሚያቃጥል? እነዚህን ካለፈ በኋላ ሩብ ሰዓት ትቼው ደግሜ እቀምሳለሁ፤ ጥሩ ስታውት ሲሞቅ አዲስ ነገር ያወጣል፤ ደካማው ግን መጀመሪያ የተናገረውን ይደግማል።

ከዚህም በላይ የምወደው አቀማመስ ጠርሙሶቹን በወረቀት ሸፍኖ መቅዳት ነው። ስም ሲጠፋ የብዙ ሰው ምርጫ ይለወጣል፤ ርካሹና በየመደብሩ የሚገኘው ጠርሙስ አንደኛ ሲወጣ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በካሊፎርኒያ ፋየርስቶን ዎከር የሚያወጣው ፓራቦላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል፤ ሰው የማይሻማበት፣ ግን ከብዙ ስመ ጥሩዎች ጎን የማያፍር ቢራ ነው።

---

ጓዳ_ሙሉ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

በአክብሮት ልቃወም። ጥቁር ብቅል ብርቅነትን ከጣዕም ፈጽመው የለዩት ይመስለኛል፤ አንዳንዱ ብርቅ የሆነው ግን በእውነተኛ ምክንያት ነው። ጉስ አይላንድ በ2010 ያወጣው ሬር የተባለው ስታውት ለሁለት ዓመት የቆየው 23 ዓመት ፓፒ ቫን ዊንክል ውስኪ በተኛባቸው በርሜሎች ውስጥ ነበር፤ በ2015 ያወጣው ደግሞ 35 ዓመት የሔቨን ሂል ቦርቦን የቆየባቸውን በርሜሎች ተጠቅሟል። እንዲህ ያለ በርሜል በፈለጉት ጊዜ አይገኝም። አይዋ ውስጥ ዴኮራ በተባለች ትንሽ ከተማ ቶፕሊንግ ጎላያት የሚያወጣው ኬንታኪ ብራንች ብራንድ ስታውትም የሚመረተው በጥቂቱ ስለሆነ ሰው ሊያገኘው ሲል ብዙ መንገድ ይጓዛል።

ስለ ማቆየትም የምለው አለኝ። እኔ የአንድን ስታውት የተለያዩ ዓመታት ጠርሙሶች አስቀምጬ በአንድ ማዕድ ጎን ለጎን መቅዳት ከሁሉ የላቀ ደስታ ይሰጠኛል። አዲሱ አልኮሉ የሚወጋ፣ ምሬቱ የሚሰማ ይሆናል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየው ውስኪውና ቸኮላታው ተስማምተው ይገኛሉ፤ የበለጠ የቆየው ወደ ተምር፣ ወደ ቆዳና ወደ ሸሪ ወይን ያዘነብላል። ይህን የሚያሳይ መጠጥ ከቢራ ወገን ብዙ የለም። ፋሪንግተን ስለ ሰባት ዓመት የሰማውን የወደብ መዝገብ ጠቅሰውልናል፤ ያ ጠባይ ዛሬም አለ።

---

ከሰል_በርሜል

ጓዳ ሙሉ፣ የተለያዩ ዓመታትን ጎን ለጎን መቅመስ ትልቅ ትምህርት እንደሆነ እስማማለሁ። በርሜሉ ግን እርስዎ እንዳሉት ውስኪው ባረጀ ቁጥር የተሻለ ይሆናል ብዬ አላምንም። 23 እና 35 ዓመት ውስኪ የተኛበት ጣውላ ቫኒላውንና ስኳሩን አብዛኛውን ለውስኪው ሰጥቶ ጨርሷል፤ የሚቀረው በጣውላው የሰረገው ድንቅ ውስኪና ታኒን ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ በርሜል የሚወጣው ስታውት የተለየ ይሆናል እንጂ ከአራትና ከስድስት ዓመት በርሜል ከወጣው በግድ ይበልጣል ማለት አይደለም። የሚከፈለው ዋጋ በአብዛኛው ለውስኪው ስም ነው።

ማቆየትን በተመለከተ ደግሞ አደጋው በግልጽ መነገር አለበት። በርሜል እንጨት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ከተሕዋስያን አይጸዳም። በ2015 ከወጡት የቦርቦን ካውንቲ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ኮምጥጠው ተገኝተው ነበር፤ መንሥኤው ላክቶባሲለስ አሴቶቶለራንስ የተባለ፣ በከባድ አልኮል ውስጥ መኖር የሚችል ባክቴሪያ እንደሆነ ታወቀ። ድርጅቱ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ፤ ከዚያም በኋላ ቢራውን ከመታሸጉ በፊት በፍጥነት አሙቆ ማቀዝቀዝ ጀመረ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ባቆዩት ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

ባክቴሪያ ባይኖርም አየር አለ። ጥቂቱ አየር ዘቢብና ሸሪ ሲያመጣ፣ ብዙው እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ያመጣል። እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ ሞቶ ሲፈርስ ሶያ ሶስ የሚመስል ጨዋማነት ይመጣል፤ ጥቂት ሲሆን ስታውቱን ያደምቀዋል፤ ሲበዛ ያበላሸዋል። የአቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካለው ግን አሴቲክ አሲድና ኤቲል አሴቴት በዝተውበታል፤ የጠርሙሱ ዋጋ ከፍተኛ ስለሆነ ብቻ «ውስብስብ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ቡና የተጨመረበትን ፈጽሞ ማቆየት የለብንም። የቡናው መዓዛ በወራት ውስጥ ይደክማል፤ በቦታውም ጥሬ ቃሪያ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ቡናን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ገና ብርጭቆው ሳይጠጋ የሚለይ እንከን ነው። እንደ እኔ ከሆነ ቡና ያለበትን በገዙበት ሰሞን ይጠጡት፤ ተራውን በጨለማ ቦታ፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ፣ ጠርሙሱን አቁመው ያስቀምጡት። እንደ ወይን ጠርሙስ ማስተኛት አያስፈልገውም፤ ቢራው ከቆርኪው ጋር ሲነካካ መቆየቱም አይበጀውም።

---

ጓዳ_ሙሉ

ስለ ቡናው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ አሮጌው በርሜልም ያሉትን አስቤበታለሁ፤ ታኒኑ እንደሚያይል እኔም አስተውያለሁ። ቢሆንም የሁለት ዓመት ዕድሜ የሰጠሁት ጥሩ ስታውት ከአዲሱ ይልቅ እንደሚያስደስተኝ አቋሜ አልተለወጠም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የየጠርሙሱ ዕጣ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ሁለት ጠርሙስ ገዝቶ አንዱን ቶሎ ከፍቶ ማየት ይሻላል። አዲሱ ላይ የኮመጠጠ ነገር ካለ ሁለተኛውን ለማቆየት ምክንያት የለም።

---

ሳሪስ_ጎረቤት

ከሰል በርሜል ስለ ሰጡኝ መልስ በጣም አመሰግናለሁ፤ የእህቴ የጋን እጥን ምሳሌም ነገሩን በደንብ አስጨበጠኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። በመጀመሪያ ይህን ያህል አልኮል ያለውን መጠጥ ከምን ጋር ነው የምትበሉት? እኛ ቤት ቢራ ያለ ጥብስና ያለ ዶሮ ወጥ አይታሰብም። ሁለተኛ፣ ወንድሜ ለገና ከቨርጂኒያ ይመጣል፤ አንድ ሁለት ጠርሙስ ያምጣልኝ ብል የትኛውን ልበለው? ብርቅ የሚባለውን አልፈልግም፤ ጥሩውን ነው።

---

የጋን_እጥን

ስለ ምግቡ እኔ ልመልስ። ከዶሮ ወጥና ከሚጥሚጣ ጋር እንዲጠጡት አልመክርም። ጠንካራ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ የስታውቱ ምሬትም በበርበሬው ላይ ይደረብና ሁለቱም ይጎዳሉ። ከምግብ በኋላ፣ ማጣጣሚያ በሚቀርብበት ቦታ ቢመጣ ይስማማል። ያልጣፈጠ ጥቁር ቸኮላታ፣ ስቲልተንን የመሰለ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ፣ ወይም የተጠበሰ ለውዝ ጥሩ ጓደኞቹ ናቸው። ከአገር ቤት ምግብ የገብስ ቆሎን አስቀድማለሁ፤ ስታውቱ ራሱ የተቆላ ገብስ ስላለበት አንዱ ሌላውን ያስታውሳል። በየመካከሉ ምላስን ለማጽዳት ደግሞ ድፎ ዳቦና ውኃ ይበቃል። በጣም የጣፈጠ ኬክ ግን አይስማማውም፤ ከኬኩ ጎን ቢራው መራራና ቀጭን ይመስላል።

መጠኑንም ልብ ይበሉ። 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 14 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ 5 በመቶ ከሆነው ተራ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ከአራት ጠርሙሶች በላይ ማለት ነው። ጣፋጭ ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለአራት ወይም ለስድስት ሰው አንድ ጠርሙስ መክፈት ተገቢ ነው፤ የሚነዳ ሰው ደግሞ ባይነካው ይመረጣል።

---

ጥቁር_ብቅል

ሳሪስ ጎረቤት፣ ወንድምዎ ለሚያመጣልዎት የእኔ ምርጫ ይህ ነው። በመጀመሪያ በርሜል ያልነካው ጥሩ ኢምፔሪያል ስታውት ያምጣ፤ የካሊፎርኒያው ኖርዝ ኮስት ኦልድ ራስፑቲን ወይም የኮሎራዶው ግሬት ዲቫይድ የቲ በብዙ መደብሮች ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም አይከብድም። ከእርሱ ጋር አንድ በቦርቦን በርሜል የቆየ ይምረጥ። ተራውን ቦርቦን ካውንቲ ካገኘ ጥሩ ነው፤ በዚያ ሰሞን ገና አዲስ ስለሚሆን በብዙ ቦታ ይገኛል። ቡና፣ ኮኮናት፣ ቅመምና ፍራፍሬ የተጨመረባቸውን ለሌላ ጊዜ ያቆያቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው የትኛው ጣዕም ከበርሜሉ፣ የትኛው ከተጨመረው እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል።

ጠርሙሶቹን ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ያድርጋቸው። ደርሰው ወዲያው አይከፈቱ፤ ከጉዞ የተናወጠው አተላ እንዲረጋ ጥቂት ቀን ቀጥ ብለው ይቁሙ። ከዚያ በአንድ ምሽት ሁለቱንም ጎን ለጎን ቅዱና በርሜል ካልነካው ጀምሩ። የተቆላውን ገብስና የሆፕሱን ምሬት በመጀመሪያው ብርጭቆ በደንብ ከያዛችሁ በኋላ በሁለተኛው ውስጥ ፈልጉት። የቀመሳችሁትን እዚሁ ክር ላይ ብትጽፉልን፣ በተለይም የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ስለ እጥኑ ምን እንዳሉ ብትነግሩን፣ እኔ በግሌ ለማንበብ እጓጓለሁ።

---

ሳሪስ_ጎረቤት

ለወንድሜ አሁኑኑ እጽፍለታለሁ። አባቴ ጠላ ሲቀምሱ እጥኑን ለይተው፣ «ይህ ወይራ ነው፣ ይህ ጥንጁት ነው» የሚሉ ሰው ስለሆኑ ብርጭቆውን ለእሳቸውም እቀዳለሁ፤ የሚሉትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍላችኋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ የኮኛክ ብርጭቆ ባይኖረን ብርሌ ይሆናል ወይ?

---

ከሰል_በርሜል

ይሆናል። የብርሌ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ መዓዛውን ይሰበስባል። አንገቱ ረዥም በመሆኑ ግን አፍንጫ ቅርብ አይደርስም፤ ስለዚህ እስከ ሆዱ እኩሌታ ብቻ ቀድታችሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ አዙራችሁ አሽትቱት። አፉ ሰፋ ያለ የወይን ብርጭቆ ካላችሁ ግን እርሱን አስቀድሙ።